የበጉ እግር ለአዋላጇ፦ ስለ ዐቂቃ ለተጻፈው ትችት ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አንድ ጽሑፍ አትማ አመጣችና «እስቲ አንቺ አንብቢውና ምን እንደምትይ ንገሪኝ» ብላ ሰጠችኝ። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ያን ሌሊት አራት እናቶች በሰላም ተገላገሉ፤ በመሐል ፋታ ባገኘሁ ጊዜ ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ጸሐፊው ሙስሊሞች ልጅ ሲወለድላቸው የሚፈጽሟቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እያነሡ ይተቻሉ። በአራስ ልጅ ጆሮ አዛን (የሶላት ጥሪ) ማለት ከንቱ ነው፤ ተምር ማላስ ንጽሕና የጎደለው ልማድ ነው፤ ዐቂቃ የሚባለው እርድ ድሃውን ዕዳ ውስጥ የሚከት የሀብት ማሳያ ነው፤ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ማረድ ሴትን ግማሽ ሰው ማድረግ ነው፤ የሕፃን ፀጉር ላጭቶ በብር መመዘን ከጣዖት ዘመን የቀረ ነው፤ የዐረብ ስም ማውጣት ኢትዮጵያዊነትን ያጠፋል፤ የሴት ልጅ ግርዛትም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው ይላሉ።

እኔ ለ19 ዓመታት ያዋለድኩ ሙስሊም አዋላጅ ነርስ ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ የምሠራበት ጤና ጣቢያም ከቤቴ ሩቅ አይደለም። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፤ ለሦስቱም ዐቂቃ ወጥቶላቸዋል። ስለዚህ ጸሐፊው ከሩቅ ሆነው ያዩትን ነገር እኔ አዋላጅ ሆኜም አራስ ሆኜም አውቀዋለሁ። ጽሑፋቸው ውስጥ እውነት አለ፤ እውነት የሆነውን ሳልሸሽግ እቀበላለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን የጫኑት በማይገባው ላይ ነው። ሃይማኖቱ የጠየቀው ቀላልና ለድሃ የሚያደላ ነው፤ ያከበድነው እኛ ነን።

ከአዛኑ ልጀምር። ጸሐፊው የአራስ ልጅ ጆሮ ገና ስላልተከፈተ በጆሮው የሚባለው ሁሉ ባዶ ነው ይላሉ። ይህ በሙያዬ ከማውቀው ጋር አይገጥምም። ፅንስ ከስድስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከተወለደም በኋላ ወዲያውኑ የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ይለያል። ሲያለቅስ የነበረ ሕፃን እናቱ ስትናገር ጸጥ ሲል በየተራዬ አያለሁ። «የተባለው አይገባውም» ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። ግን እናት ልጇን አቅፋ «የኔ ጌታ፣ የኔ ዓለም» ስትለውም አይገባውም፤ ስለማይገባው ዝም በይ ያላት የለም።

አንድ ሌሊት የባጃጅ ሹፌር የሆነ ወጣት የመጀመሪያ ልጁን ልናስታቅፈው ስንል እጁን አየና ወደ ኋላ አለ። ግራሶ ነክቶት ነበር። ወጥቶ በሳሙና ታጥቦ ተመለሰ፤ ልጁን ተቀብሎ ወደ ቀኝ ጆሮው ጎንበስ አለና «አላሁ አክበር» ብሎ ጀመረ። ወደ ሶላት የሚጠራው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁ ተቆረጠ። ጥቂት ቆየና በሹክሹክታ ጨረሰው። ማዶ አልጋ ላይ የተኛችው ክርስቲያን አራስ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታዳምጥ ነበር፤ ሲጨርስ «አሜን፣ ያሳድግልህ» አለችው። ጸሐፊው ከንቱ ያሉት ይህንን ነው።

ክብደት ያለው ጥያቄ ማንሣት ቢፈልጉ ግን ሌላ ነበረላቸው። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ ሐሰንን በወለደች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በጆሮው አዛን ማለታቸውን አቡ ራፊዕ አስተላልፈዋል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) መጽሐፎቻቸው መዝግበውታል፤ ቲርሚዚም ትክክለኛ ብለውታል። ሆኖም ከዘጋቢዎቹ አንዱ የሆነው ዓሲም ኢብን ዑበይዲላህ በብዙ የሐዲስ ሊቃውንት ዘንድ ደካማ ነው። በግራ ጆሮ ስለሚባለው ኢቃማ (ሶላት ሊጀመር ሲል የሚባለው ጥሪ) የመጣው ዘገባ ከዚህም ይደክማል። በዚህ ምክንያት አዛኑን የሚወዱ ዑለማዎች አሉ፤ የሚተዉም አሉ። ክርክሩ በእኛው መጻሕፍት ውስጥ ለዘመናት የኖረ ነው። አዛን ያልተባለለት ልጅም ምንም የጎደለበት ነገር የለም።

ስለ ተምሩ ለጸሐፊው የምለቅላቸው ብዙ ነው። ተሕኒክ ማለት ተምር አላምጦ ወይም አልሞ የሕፃኑን ላንቃ መቀባት ነው። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ ልጅ ሲወለድላቸው ወደ ነቢዩ ይዘውት ሄዱ፤ ነቢዩም ኢብራሂም ብለው ስም አወጡለት፤ በተምር ላንቃውን ቀቡት፤ በረካ እንዲሆንለትም ዱዓ (ጸሎት) አደረጉለት። የአቡበክር ልጅ አስማእም እርጉዝ ሆና ከመካ ተሰድዳ ቁባእ ላይ ዐብደላህ ኢብን ዙበይርን ስትገላገል እንዲሁ ተደርጎለታል፤ በመዲና ለስደተኞቹ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ እርሱ ነበር። እነዚህ ዘገባዎች በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ መጽሐፎች ውስጥ ያሉ፣ ማንም የማይጠራጠራቸው ናቸው።

ጸሐፊው የሰው ምራቅ በሽታ ያስተላልፋል ሲሉ ግን ልክ ናቸው። ይህን እኔም ለእናቶች እናገራለሁ። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ሌላ ነገር እንዳይቀምስ ዓመቱን ሙሉ እንታገላለን። ቅቤ የሚያልሱ አሉ፤ ስኳር በውኃ የሚያጠጡ አሉ፤ እንገሩን ቆሻሻ ነው ብለው አልበው የሚደፉ አሉ፤ ያ ቢጫ እንገር ደግሞ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ያህል ነው። ይህን የሚያደርገው ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነው። ማርም እንዲሁ፤ ልጁ ዓመት ሳይሞላው በፍጹም መቅመስ የለበትም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ ተሕዋስ አንጀቱ ውስጥ መርዝ ሊያፈራ ይችላል።

ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ? ተሕኒክ ሱና (የነቢዩ አርአያ) ነው እንጂ ግዴታ አይደለም፤ አላማጩም የሌላ ሰው አፍ እንዲሆን የሚያስገድድ ነገር የለም። ልጃችን ስትወለድ ባለቤቴ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ። ተምሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ዘፍዝፎ አለመው፤ ከዚያም በጣቱ ጫፍ ላይ የዱቄት ብናኝ የምታህል ነክሮ ላንቃዋን ነካት። አፏን አሞጠሞጠች። በቃ፣ ይኸው ነው። ልጁ ካለ ጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ከሆነ ግን ይህንንም አትሞክሩ እላለሁ፤ ዱዓው ብቻውን ይበቃል።

እዚህ ላይ ለእኛዎቹ ሰባኪዎችም የምናገረው አለኝ። አንዳንዶቹ «ሳይንስ ተሕኒክን አረጋገጠ» እያሉ ያስተምራሉ። በሕክምና የደም ስኳራቸው የወረደ አራስ ልጆች ጉንጫቸው ውስጥ የግሉኮስ ጄል እንደሚቀቡ እውነት ነው። ያ ግን በሕፃኑ ክብደት ተለክቶ፣ ደሙ ተመርምሮ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ሕፃናትን ይጎዳል። ነቢዩ ስላደረጉት የምወደውን ነገር ለመውደድ የላቦራቶሪ ምስክር አያስፈልገኝም።

የጽሑፉ ዋና ክስ የሚመስለኝ ዐቂቃው ላይ የቀረበው ነው። ጸሐፊው አዳራሽ ተከራይተው፣ ፎቶ አንሺ ጠርተው፣ አዳራሹን በፊኛና በአበባ አስውበው ዐቂቃ የሚያወጡ ቤተሰቦችን ይገልጻሉ። አልዋሹም። እኛው ሰፈር አንድ ቤተሰብ ለመጀመሪያ ወንድ ልጁ እንዲህ ደግሶ፣ መስከረም ሲመጣ የእኅቱን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከፍለው አጥቶ ተቸግሯል። ነገሩን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ግን ያን ወጪ ማን አዘዘው? ሰሙራ ኢብን ጁንዱብ ያስተላለፉት ሐዲስ የሚለው እያንዳንዱ ልጅ በዐቂቃው የተያዘ ነው፤ በሰባተኛው ቀን ይታረድለታል፤ ራሱ ይላጫል፤ ስም ይወጣለታል። አዳራሽ የለበትም። ፊኛ የለበትም። አንድ በግ ወይም አንድ ፍየል፣ አንድ ምላጭና አንድ ስም።

እሱም ለቻለ ነው። ከእስልምና የሕግ መዝሀቦች (የትምህርት ፈለጎች) ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች የጠበቀ ሱና ይሉታል፤ ሐነፊዮች ዘንድ ደረጃው ከዚህ ይቀላል፤ ግዴታ ነው ያሉት ጥቂቶች ናቸው። በሰባተኛው ያልተመቸው በ14ኛው፣ ካልሆነም በ21ኛው ቀን ማረድ እንደሚችል ከነቢዩ ባለቤት ከእመት ዓኢሻ ተዘግቧል። ጭራሽ የሌለው ደግሞ ኃጢአት የለበትም። ጸሐፊው ሊይዙብኝ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፤ እኔው ላንሣላቸው። የሐንበሊዮቹ ኢማም አሕመድ፣ ሱናን ሕያው ለማድረግ ብሎ የተበደረን ሰው አላህ እንደሚተካለት ተስፋ አደርጋለሁ ብለዋል። ነገር ግን የተናገሩት ስለ አንድ በግ ነው፤ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሊቃውንትም መክፈል ለሚችል ሰው ብቻ ብለው ወስነውታል። ከዚያ ተነሥቶ ለድግስ መበደርን በእርሳቸው ማሳበብ አይቻልም።

ጸሐፊው ያላዩትን ዐቂቃ ልንገራቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማረድ እንደ ግቢ ቤት አይደለም። ከብሎካችን ጀርባ ለለቅሶም ለሠርግም ለእርድም የምንገለገልበት የጋራ ቤት አለ። የታናሿ ልጄ ሰባተኛ ቀን ደርሶ ባለቤቴ ቁልፉን ሊወስድ ወደ ብሎኩ ጸሐፊ ሄደ፤ እርሳቸው የሰንበቴ ማኅበርተኛ ናቸው። ያን ቀን ውኃ ተቋርጦ ነበር። የብሎኩ ጸሐፊ ቁልፉን ብቻ አልሰጡም፤ ከቤታቸው ሁለት ጄሪካን ውኃ ይዘው ወረዱ። እንደሚታወቀው እነርሱ በሙስሊም የታረደ አይበሉም፤ እኛም በክርስቲያን የታረደ አንበላም። ባለቤቴ ለጎረቤቶቻችን ሌላ ጠቦት ገዝቶ ነበርና እርሳቸው ራሳቸው በስመ አብ ብለው ባረኩት። ዕለቱ ጾም ለሆነባቸው ምስርና ሽሮ ተሠራ። ዐቂቃው የመጀመሪያው በግ ነው፤ ሁለተኛው ጉርብትና ነው፤ ሃይማኖቱ አላዘዘንም፣ ግን ሥጋ እየሸተታቸው ባዶ እጃቸውን እንዲሄዱ ማድረግ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። የበጉ ሥጋ የሄደው ደግሞ ለዘመድ፣ ለሙስሊም ጎረቤትና በአካባቢያችን ግንባታ ላይ ለሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ነው። ሥጋ ካዩ ወር ያለፋቸው ነበሩባቸው።

ለሐሰንና ለወንድሙ ለሑሰይን በታረደው ዐቂቃ ነቢዩ ለአዋላጇ የበጉን እግር እንዲልኩላት ማዘዛቸው ይነገራል። የዘገባው ሰንሰለት እስከ ነቢዩ ድረስ ያልተሟላ (ሙርሰል) ነው፤ ስለዚህ እንደ ማስረጃ አላጋንነውም። ግን ከዓመታት በፊት አንዲት እናት ባዋለድኩ በሁለተኛው ሳምንት የልጁ አያት ጤና ጣቢያው ድረስ በእግራቸው መጡ። ነጠላቸው ሥር አንድ ነገር ሸጉጠዋል። የበግ እግር ነበር፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጨርቁ በሁለት ቋጠሮ ታስሮ። «ልጄ፣ ይህ ያንቺ ነው፤ አባቶቻችን ለአዋላጅ እግር ይሰጥ ብለዋል» አሉኝ። ሐዲሱን ጠየቅኋቸው፤ አልሰሙትም። ማንበብም አይችሉም። እናታቸው እንደዚያ ስታደርግ አይተው ነው። በደመወዝ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝና ከተገልጋይ ምንም መቀበል አይገባኝም ብዬ እንቢ ልል ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ አልቻልኩም። ሥጋውን ለሌሊት ጥበቃችን ሰጠሁት፤ የስድስት ልጆች አባት ነበር። የሀብት ማሳያ የተባለው ሥርዓት ወደ ሕዝቡ ሲወርድ ይህን ይመስላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፤ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ። እኔም ሴት ነኝ፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ጥያቄውን ንቄ አላልፈውም።

ኡሙ ኩርዝ ያስተላለፈችው ሐዲስ ለወንድ ሁለት የሚመጣጠኑ፣ ለሴት አንድ በግ ይላል፤ አብዛኞቹ ሊቃውንት የያዙትም ይህን ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆሙ። ቢቀጥሉ ኖሮ ዐብደላህ ኢብን ዑመር ለወንድም ለሴትም አንድ አንድ በግ ያርዱ እንደነበር፣ ኢማም ማሊክም ይህንኑ ይዘው ለሁለቱም አንድ አንድ እንዳሉ ያገኙ ነበር። ኢብን ዐባስ ደግሞ ነቢዩ ለሐሰንና ለሑሰይን አንድ አንድ አውራ በግ ማረዳቸውን ተናግረዋል፤ በሌላ ዘገባ ሁለት ሁለት ተብሏል። በመላው የማሊኪ መዝሀብ፣ ማለትም በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ፣ ለወንዱም ለሴቷም አንድ በግ የሚያርዱ ሚሊዮኖች አሉ። እኛም ቤት ለወንዱም ለሴቶቹም አንድ አንድ ነው የታረደው። ሼሁ አልተቃወሙም።

ደግሞ ያ አንድ በግ በምን ዘመን እንደታዘዘ ይታሰብ። ቁርኣን በነሕል ምዕራፍ ያኔ የነበረውን ዐረብ ሲገልጽ፣ ሴት ልጅ ተወለደችልህ ሲባል ፊቱ የሚጠቁር፣ ከሰው የሚደበቅ፣ በውርደት ያኑራት ወይስ አፈር ውስጥ ይቅበራት ብሎ የሚያወላውል ሰው ይለዋል። እንዲህ ያለውን አባት በሰባተኛዋ ቀን ጎረቤት ጠርቶ፣ በግ አርዶ፣ «ልጅ ተወልዳልኛለች» ብሎ ስሟን በአደባባይ እንዲናገር ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። በሹራ ምዕራፍም አላህ ለሚሻው ሴቶችን ይሰጣል፣ ለሚሻው ወንዶችን ይሰጣል ሲል ያስቀደመው ሴቶቹን ነው። ነቢዩም የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ፣ ትንሿን ኡማማን፣ ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሲቆሙ ያነሷታል፣ ሱጁድ ሲወርዱ ያስቀምጧታል። ሰው ሁሉ እያየ ነው ይህን ያደረጉት።

ጸሐፊው በተቃራኒው የአገራችንን እልልታ ያመሰግናሉ። እኔ ያደግኩት ወሎ፣ ደሴ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባል ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት እንደዚያ ነው። ደጅ ላይ ቆመው የሚቆጥሩ አሮጊቶች ሦስተኛው ላይ ሲቆም «ምነው ሴት ናት እንዴ?» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሴት ልጅ መሆኗን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ እናቶችን አውቃለሁ፤ ከሁሉም እምነት ናቸው። ሴት ልጅን ማሳነስ ካስቆጣቸው፣ እኔንም ያስቆጣኛልና፣ ቁጣችን እዚያም ይድረስ።

ስለ ፀጉሩ ብዙ አልልም። ጸሐፊው የጣዖት ዘመን ቅሪት ያሉት ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ቡረይዳ እንዳሉት በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው) ዘመን የሚደረገው የበጉን ደም ወስዶ የሕፃኑን ራስ መቀባት ነበር፤ እስልምና ሲመጣ ደሙ ቀርቶ ራሱን መላጨትና በሳፍሮን መቀባት ሆነ። ኢማም ማሊክ ሙወጠእ በተባለው የሐዲስ መጽሐፋቸው እንደመዘገቡት ፋጢማ የሐሰንን፣ የሑሰይንን፣ የዘይነብንና የኡሙ ኩልሱምን ፀጉር መዝና በክብደቱ ልክ ብር መጽውታለች። ሁለት ወንዶች፣ ሁለት ሴቶች፤ ሚዛኑ አንድ።

የታናሿን ፀጉር እኔው ነኝ ይዤ የሄድኩት። በወረቀት ጠቅልዬ አቃቂ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ባለ ሱቁ ፀጉሩን በሚዛኑ ሰሃን ላይ ሲያፈስ ትንፋሹን ያዘ፤ በትንፋሽ የሚበን ነገር ነው። ሰባት አሥረኛ ግራም ሆነ። የብሩን ዋጋ አስልቶ ነገረኝ፤ ያኔ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። እኛ ጨምረንበት ብሎካችን ሥር ቆሎ ለሚሸጡ አንዲት እናት ሰጠናቸው። «ከማን ነው?» ሲሉኝ «ከእርሷ» ብዬ ልጅቷን አሳየኋቸው። የሰባት ቀን ልጅ ሰደቃ ስትሰጥ እርሳቸውም እንደ ትልቅ ሰው መረቋት።

የስም ነገር ላይ ጸሐፊው ያነሡት ስጋት ይገባኛል፤ መነሻው ግን ስሕተት ነው። እስልምና የዐረብኛ ስም አላስገደደም። የጠየቀው ትርጉሙ መልካም እንዲሆን ነው። አላህ ዘንድ የተወደዱት ዐብደላህና ዐብዱረሕማን መሆናቸው በሐዲስ ተነግሯል፤ ያም ምርጫ እንጂ ግዴታ አይደለም። ነቢዩ ዓሲያ፣ «አመፀኛ»፣ የምትባለውን ሴት ጀሚላ አሏት፤ የተዉት ስም ግን ከቀየሩት እጅግ ይበዛል። የእኛውን ንጉሥ ነጃሺን ስሙን አልቀየሩም፤ ሲሞትም አስሐማ ብለው ጠርተው የጀናዛ (የሙት) ሶላት ሰግደውበታል። ወሎ ውስጥ ይመር የሚባል ሙስሊም፣ ተዋበች የምትባል ሙስሊም ሞልቷል፤ ስማቸውን ቀይሩ ያላቸው ሼህ አላውቅም።

እንዲያውም ስለ ማንነት ከተነሣ አንድ ጣፋጭ ነገር አለ። ኡሙ ኻሊድ የምትባል ልጅ እናት አባቷ ሐበሻ ተሰድደው ሳሉ እዚሁ አገር ተወልዳ፣ ከቤተሰቧ ጋር ወደ መዲና ሄደች። ነቢዩ በእጃቸው ልብስ አለበሷትና በጥለቱ እያመላከቱ «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቡኻሪ ዘንድ ቃሉ በሐበሾች ቋንቋ «ያማረ» ማለት እንደሆነ ተጽፏል፤ ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር መመሳሰሉ ለማንም አይሰወርም። ትንሿን ልጅ በተወለደችበት አገር ቋንቋ አሞገሷት። ቋንቋችንን የሚንቅ ሃይማኖት ይህን በመጽሐፉ አያኖርም።

የስም አወጣጡ ደንብም ቢሆን ከእኛው ጋር አንድ ነው። ቁርኣን ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ይላል፤ እኛም የልጁን፣ የአባትንና የአያትን ስም እናስከትላለን፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። በ760/2004 አዋጅ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ በሰባተኛው ቀን ስም የወጣለት ልጅ ወረዳ ሲሄድ ስሙ ዝግጁ ነው። ሁለት ወር ሙሉ «ማሙሽ» እየተባለ ቆይቶ ለክትባት የሚመጣ ልጅ ካርዱ ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሲቸግረኝ ይህን ሱና አስታውሳለሁ።

የቀረው ግርዛት ነው። የወንዱን ልለፈው፤ በአገራችን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይገርዛል። የሴቷን ግን ጸሐፊው ከአዛንና ከዐቂቃ ጋር በአንድ ረድፍ ማስቀመጣቸው ያስቆጣኛል፤ ያስቆጣኝም ሙስሊም ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ድርጊቱ ምን እንደሆነ በዓይኔ ያየሁ ነኝ። ጠባሳው ስለማይለጠጥ ምጥ የጠናባትን፣ እኔው ከፍቼ የሰፋኋትን ሴት ፊት አልረሳም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የኢትዮጵያ ሴቶች 65 በመቶው መገረዛቸውን አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ 80 በመቶ ነበር። ከሙስሊም ሴቶች መካከል ቁጥሩ ከአማካዩ ከፍ ይላል። ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም፤ የእኛ ቁስል ነው፤ እኛው ልናክመው ይገባል።

ነገር ግን ልጅ ሲወለድ ስለሚደረገው በመጡት ሐዲሶች ውስጥ በሰባተኛው ቀን ሴት ልጅን ግረዙ የሚል የለም። ነቢዩ አራት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው፤ አንዳቸውንም አስገረዙ የሚል የተረጋገጠ ዘገባ የለም። የአል-አዝሀር የእስልምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 ድርጊቱ በሃይማኖቱ መሠረት እንደሌለው በይፋ አስታውቋል። የአገራችን የ1996 የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 እና 566 ወንጀል አድርጎታል። ጸሐፊው ይህን ሁሉ ትተው ድርጊቱን የዐቂቃው ክፍል ሲያደርጉት፣ በየቤቱ «ሃይማኖታችን ነው» እያሉ ምላጭ የሚያነሡትን ነው ያገዙት።

የታናሿ ዐቂቃ ቀን፣ እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ አማቴ ቡና እያፈሉ ሼሁን ጠየቋቸው። «የእርሷስ መቼ ይሁን?» አሏቸው፤ ልጅቷን በዓይናቸው እያሳዩ። ማለት የፈለጉት ሁላችንም ገብቶናል። ባለቤቴ አቀረቀረ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ሼሁ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ሐዲሱን በዐረብኛ አነበቡት፤ «ደም አፍስሱለት፣ ጎጂውንም ነገር አስወግዱለት» የሚለውን። ከዚያ በአማርኛ እንዲህ አሏቸው፦ «እናቴ፣ ስለዚህች ልጅ ሊፈስ የሚገባው ደም ጠዋት ፈስሷል። ከእርሷ የሚፈስ ሌላ ደም የለም።»

አማቴ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ ጀበናውን አንሥተው ሁለተኛውን ቀዱልን።